ጥቁር ናስትሮ

መምህሩ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር መለማመጃ ቦርድ ማስነሻ ቁልፍ ሲጫን ምንም አልመጣም። ደግሞ ተጫነው። ኤሌክትሪክ መኖሩን የምትናገረው ቀይ መብራት በርታለች፤ ቁጥር የሚወጣበት ማሳያ ግን ድርግም ብሏል።

"ምን ነካህ አንተ ደግሞ፣ በዛሬ ቀን!" አለ ቦርዱን።

ስፒናውን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ያው ነው። ወደ ሁለተኛው ቦርድ ተሻገረ፤ እሱም ዝም። ሦስተኛውን የሞከረው ተስፋ ኖሮት ሳይሆን አለመሞከር ስላቃተው ነው። ሦስተኛውም ዝም ሲል ወንበር ስቦ ተቀመጠና ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ተማሪዎቹ ሊገቡ ነው። ኮሚቴውም ከእነሱ ጋር ይገባል።

ሰውየው በዚህ የቴክኒክ ኮሌጅ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ማይክሮፕሮሰሰሮች ከየት እንደመጡና እንዴት እንደሚሠሩ። ተማሪዎቹ ከኋላው "ስምንት ቢት" ይሉታል። ያውቃል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ግን አይናገርም። ቦርዶቹ ቀላል ነገሮች ናቸው። አንድ ስምንት ቢት ፕሮሰሰር፣ ትንሽ ሜሞሪ፣ የቁጥር ቁልፎችና አንዲት ጠባብ ማሳያ አላቸው። ተማሪው ትእዛዙን አንድ በአንድ በቁጥር እየመታ ያስገባል፣ ፕሮሰሰሩ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ያያል። ድሮ ክፍሉን የሞሉ ነበሩ። አብዛኞቹ በኪሎ ተመዝነው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጡ። እነዚህን ሦስቱን ያተረፋቸው ከነጋዴው መኪና ላይ በገዛ እጁ አውርዶ ነው፤ ያን ቀን ከሾፌሩ ጋር ሊደባደብም ቃጥቶት ነበር።

ዛሬ ኮሚቴው ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትምህርቱን አይቶ ይወስናል። ወይ ኮርሱ ይቀጥላል ወይ ይዘጋል። ከተዘጋ መምህሩ ሌላ የሚያስተምረው የለውም። ንብረት ክፍል አንድ ቦታ እንዳለ በወሬ ወሬ ደርሶታል። ጡረታው እስኪደርስ እግሩ የተሰበረ ወንበር ሲመዘግብ መዋል ማለት ነው።

የላብራቶሪ ረዳቷ ክላሰሩን አቅፋ ፈገግ እያለች ገባች።

"ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? አማረልዎት አይደል?"

"ምኑ?"

"ቦርዶቹ ናቸዋ! አላዩዋቸውም እንዴ? ትናንት የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው ነው ያጸዷቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው በአልኮል ፈተጉልዎት። እኔ ላግዝ ብል 'ተይኝ፣ ይሄ የጋሼ ነው' ብለው እምቢ አሉኝ።"

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ቦርዶቹ ያብረቀርቃሉ። ከዚያ ግን ዓይኑ በእያንዳንዱ ቦርድ ላይ ባለው የሜሞሪ ቺፕ ላይ ሲያርፍ ደነገጠ። ከዛሬ በፊት ቺፖቹ ጀርባ ላይ ቁራጭ ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ተለጥፎ ነበር። አሁን የለም። በእሱ ፋንታ ከጣት ጥፍር ያነሰች ክብ መስታወት ወጥታለች፤ ከሥሯ ብርማ ነጥብ ይታያል።

"ናስትሮው የታለ?"

"ላጡት። 'እንግዳ እየመጣ የታሸገ ቁስል ይመስላል' አሉ። 'ታሪክ ነው ካላችሁ ታሪኩ ይታይ' ብለው..."

መምህሩ ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። በወረርሽኙ ጊዜ የተሰቀለው ረጅሙ ጀርም ገዳይ መብራት እዚያው አለ። ወረርሽኙ ካለፈ ወዲህ ማንም አስታውሶት አያውቅም።

"ይሄ መብራት በርቶ ነበር እንዴ?"

"አዎ፣ አድሮ ነው የጠፋው። ለእንግዶቹ ሲባል ክፍሉ ይጽዳ፣ ሌሊቱን ይብራ ብለው አዘዙኝ፣ አበራሁት። ምነው ጋሼ? ጥፋት ነው?"

ወደ ጠረጴዛው መሳቢያ ሄዶ ከፈተው። በብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው ዋናው ቅጂ፣ ሌሎቹ ሲበላሹ የሚገለበጥበት ቺፕ፣ እዚያ አልነበረም።

"እሱንም አውጥተውታል" አለች ረዳቷ ድምፅዋ እየቀነሰ። "ያው እዚያ።"

በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፏል። መሐሉ ላይ ቺፑ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጎ ራቁቱን ተጋድሟል። ከፊቱ ባለች ካርድ ላይ በሚያምር ጽሕፈት "የማይክሮፕሮሰሰር ዘመን ቅርስ" ተብሎ ተጽፏል። መምህሩ ካርዱን አነበበና ሳቀ፤ የማያስቅ ሳቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ ምን ማድረግ እንዳለበት የተጻፈው ናስትሮ በነበረበት ቺፕ ላይ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ቦርዱ ቁልፍ እንዳለው እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህ እንደ አዲስ በቁልፉ ልምታለት ቢሉትም አይሰማም። ጽሑፉ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አይጠፋም። የሚጠፋው በመስታወቷ በኩል አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲገባበት ነው። መስታወቷም የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ ሰው አሮጌውን በብርሃን አጥፍቶ አዲስ እንዲጽፍበት። ለማጥፊያነት የሚሠራው መብራትና በሆስፒታል ጀርም የሚገድለው መብራት ወንድማማቾች ናቸው። ናስትሮው የተለጠፈው ብርሃን እንዳይገባ ነበር። እንደገና መጻፊያው መሣሪያ ደግሞ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ መምህሩ ሌላ ይገዛልኝ ብሎ ያልለመነው ሰው የለም።

ኮሪደር ላይ ወጥቶ ፋርማሲ ለምትሠራው ሚስቱ ደወለ።

"ሞቱ" አላት።

"ማን? ኧረ በፈጠረህ፣ ማን ሞተ?"

"ቦርዶቹ።"

"አንተ ሰውዬ! ክው አደረግከኝ እኮ! ሰው ፊት ቆሜ... ሦስቱም?"

"ሦስቱም። ቅጂውም ጭምር።"

"ማን ነካብህ?"

"ልጃችን።"

ልጃችን የሚሉት የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ነው። ወልደውት አይደለም። ከሩቅ አገር ለትምህርት ሲመጣ የሚጠይቀው ዘመድ አልነበረውም። መምህሩ በክፍል ጎበዝነቱን አይቶ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ሚስቱም ከዚያ ወዲያ እራት ስታቀርብ የእሱን ሳትቆጥር ቀርታ አታውቅም። ተመርቆ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ፣ እዚሁ ኮሌጅ ገብቶ አለቃ ሲሆን ሁለቱም ለሰው ሲያወሩ አንድ ሳምንት አልበቃቸውም።

"ሆን ብሎ ነው?" አለች ሚስቱ።

"እሱን ነው ያላወቅኩት።"

"እንግዲያው እኔ ጋ ምን ያስደውልሃል? ሄደህ ዓይኑን እያየህ ጠይቀው! ሆን ብሎ ከሆነ ግን ንገረኝ፤ ከገበታዬ ተነስቶ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው።"

ወደ ኃላፊው ቢሮ ደረጃውን ሲወጣ መምህሩ ነገሩን በሁለት በኩል አየው። ሆን ብሎ ለማድረግ ምክንያት አለው። "ጋሼ፣ ጊዜው ሌላ ነው፤ ይሄን ኮርስ ትተን በምትኩ ሶፍትዌር ብናስገባ" ሲል ከርሟል። ኮሚቴውንም የጠራው እሱ ነው። ደግሞም መስታወቷ ለምን እንደምትሸፈን ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ነው፤ ተማሪ ሳለ ይህንኑ የፈተና ጥያቄ እንደ እሱ የመለሰ ሰው ተገኝቶ አያውቅም። መምህሩ መልሱን በቃሉ ይዞት ከእሱ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች ሁሉ ሲናገር ኖሯል። "እንዲህ ነው የሚመለሰው!" እያለ። እና ይህ ልጅ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው መብራቱን ያስበራው? እንዲህ አስቦ ከሆነ ክፉ ነው። ክፉ ቢሆንም ግን ተምሯል ማለት ነው።

ኃላፊው መስታወት ፊት ቆሞ ክራቫቱን ያስተካክላል።

"ጋሼ! ይግቡ ይግቡ! አዩት ላብራቶሪውን?"

"አየሁት።"

"ሙሽራ አላስመሰልኩትም? እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ናስትሮውን ላጥከው።"

"ኧረ እሱን አያንሱብኝ! ሙጫው ደርቆ፣ ጥፍሬን እኮ ነው የጨረሰው። ይዩት እስቲ" ብሎ አውራ ጣቱን አሳየው።

"ለምን እንደተለጠፈ ታስታውሳለህ?"

ኃላፊው ግራ የገባው መሰለ። "ለምን እንደተለጠፈ? ለ... ለአቧራ አይደል እንዴ?"

መምህሩ ዓይኑን አየ፣ ትክ ብሎ፣ ሚስቱ እንዳለችው። ይህን ልጅ ሲዋሽ ያውቀዋል፤ ቤቱ የኖረ ሰው ውሸቱ አይሰወርበትም። አሁን እየዋሸ አይደለም። ለአቧራ ነው የመሰለው። ከልቡ ሊያስደስተው ፈልጎ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጥፍሩን አሳምሞ ነው የሠራው። የዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት ከጭንቅላቱ ውስጥ ወጥቶ ሄዷል፤ መሄዱንም አላወቀም። መምህሩ በቁሙ መረረው። ሆን ብሎት ቢሆን ምን ነበረበት? ቢያንስ ጠላት የሆነ ተማሪ ይኖረኝ ነበር አለ በልቡ። አሁን ያለኝ ምንድን ነው?

"ምነው ጋሼ፣ ችግር አለ እንዴ? ፊትዎ ልክ አይደለም።"

ሊነግረው አፉን ከፈተ። ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሚጀመርበት ቦታ መጀመር ሊኖርበት ነው፣ ለገዛ አለቃው፣ ክራቫቱን እስኪጨርስ።

"የለም" ብሎ ወጣ።

ክፍሉ ሞላ። ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ሽበታቸውን ያልሸፈኑ፣ ሲቀመጡ ወንበሩን በእጃቸው ፈትሸው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ኃላፊው ከጎናቸው ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ረዳቷ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋለች። መምህሩ ቦርዶቹን ሳይነካ ጠመኔ አነሳ። ሌላ ምን ያነሳል?

"ነገሩ የተጀመረው በሒሳብ ማሽን ነው" አለ። "ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ተኝታ ያለችው፣ ማንም የማይከፍታት የመደመሪያ ማሽን አለች አይደል? እሷው። አንድ የጃፓን ድርጅት ማሽን ሊሠራ ፈለገና ለአንድ አዲስ የአሜሪካ ኩባንያ ብዙ ዓይነት ቺፕ አዘዘ። ይሄኛው ይደምራል፣ ያኛው ያትማል፣ ሌላው ቁልፉን ይጠብቃል፤ ለሁሉ የየራሱ። የኩባንያው ሰዎች አዩትና በዛብን አሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ ቺፕ ከምንሠራ፣ ትእዛዝ የሚቀበል አንድ ቺፕ ሠርተን ትእዛዙን ብንቀያይርለትስ? በቃ፣ ይቺ ናት ጨዋታዋ። ከዚያች ጥያቄ የመጣው ፕሮሰሰር አራት ቢት ብቻ ነበር የሚችለው፤ ከሁለት ሺህ ትራንዚስተር ብዙም አይበልጥም።"

"መምህር፣ በእኔ ስልክ ውስጥ እኮ በቢሊዮን ነው ያለው" አለ ከመሐል አንዱ።

"ጎሽ፣ ታዲያ ለምን ቀስ ብሎ ይከፈታል?" አለው፤ ክፍሉ ሳቀ። ሰብሳቢዋም ፈገግ አሉ። መምህሩ ለአፍታ ቦርዶቹን ረሳ።

"ስምንት ቢቱ ደግሞ እንዲህ ነው የተወለደው" ብሎ ቀጠለ። "ሌላ ድርጅት ለኮምፒውተር ማሳያው የሚሆን ቺፕ አዘዘ። አሠራሩን ራሱ ነድፎ ሰጠ። ሥራው ዘገየ። ዘግይቶ ሲመጣም ቀርፋፋ ሆነ። ያዘዘው ድርጅት 'አንፈልገውም፣ የራሳችንን እንሠራለን' ብሎ ተወው። የሠራው ኩባንያ በእጁ ላይ ሲቀርበት ለሌላ ሰው ሸጠው። እናንተ ዛሬ ይዛችሁት የምትዞሩት ላፕቶፕ፣ አብዛኛው፣ የዚያ ያልተፈለገ ቺፕ የልጅ ልጅ ነው። ቁጥርን ከትንሹ ወገን ጀምሮ የማስቀመጥ ልማዱን እንኳ እስከ ዛሬ አልተወም። የፈለጉት ተረሱ፣ ያልተፈለገው ወለደ። እዚህ ቦርድ ላይ ያለው ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ ነው።"

ፊት የተቀመጠች ባለመነጽር ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ይቺ ትንሿ መስታወት ለምንድን ናት?"

ዘወር ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ግን ተማሪ ጠይቆት ሳይመልስ የቀረበትን ቀን አያስታውስም።

"ጥሩ ጠየቅሽ" አላት። ስለ ሜሞሪው ነገራት። ጽሑፉ በአልትራቫዮሌት እንደሚጠፋ፣ ስለዚህ መስታወቷ በጥቁር ናስትሮ እንደምትሸፈን ነገራት። "ናስትሮው ከተላጠና እንደዚህ ያለ መብራት" ብሎ ወደ ጣሪያው ጠቆመ፣ "ሌሊቱን ከበራበት፣ ባዶ ነው። ቦርዱ አይነሳም።"

ተማሪዎቹ ሁሉ ቀና ብለው መብራቱን አዩ። ከኋላ ኃላፊው ስልኩን ከፊቱ አወረደ። እሱም ወደ መብራቱ አየ፣ ከዚያ ወደ ቦርዶቹ፣ ከዚያ ወደ አውራ ጣቱ። ፊቱ ሲገረጣ መምህሩ ቆሞ አየው። ትዝ አለው ማለት ነው አሁን።

"ይቅርታ መምህር" አሉ ሰብሳቢዋ። "እነዚህ ናስትሮ የላቸውም።"

"የላቸውም።"

"ሲሠሩ ልናያቸው ነበር የመጣነው።"

"አይሠሩም።"

"ማን ነው የላጠው ታዲያ?"

መምህሩ ወደ ኃላፊው ተመለከተ። መልሱን ለእሱ ሊለቅለት ነው። በል እንግዲህ ልጄ አለ በውስጡ። እኔ ነኝ በል፤ ረስቼው ነው በል፤ ሰው ይረሳል። ካልክ ቦርዶቹም ይቅሩ፣ ኮርሱም ይቅር፣ አንተን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "በጽዳት ጊዜ የተፈጠረ ስሕተት ይመስለኛል፣ ሰብሳቢ። መብራቱን ያበራችው የላብራቶሪ ረዳቷ ናት። ጥንቃቄ ጎድሏታል። አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል።"

ረዳቷ ከግድግዳው ተላቀቀች። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የእሷ ሥራ በኮንትራት ነው፤ የሚያድሰው ኃላፊው ነው፤ ታማ ቤት የተኛች እናት አለቻት። ክላሰሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"እንደዚያ ነው፣ መምህር?" አሉ ሰብሳቢዋ።

ኃላፊው ወደ መምህሩ አየ። ያን አስተያየት መምህሩ ያውቀዋል፤ ልጁ የቤቱን ብርጭቆ የሰበረ ቀን በእንዲህ ያለ ዓይን አይቶት ነበር፣ ያን ቀን መምህሩ ለሚስቱ እኔ ነኝ የሰበርኩት ብሏት ነበር። አሁንም ቀላል ነበር። አርጅተው ነው ቢል ያበቃል። ለሰው ሲመካበት የኖረው አንድ ልጅ ነው ያለው፤ ሌላ አላፈራም። ረዳቷን ግን ማየት አልቻለም።

"አይደለም" አለ። "ናስትሮውን የላጠው እሱ ነው። መብራቱም ይብራ ያለው እሱ ነው። እሷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው።"

ኃላፊው "ጋሼ..." አለ ቀስ ብሎ፤ በሰው ፊት እንዲህ ጠርቶት አያውቅም፣ በሰው ፊት "መምህር" ነበር የሚለው።

ሰብሳቢዋ ወደ ኃላፊው ዞሩ። "እርስዎ የዚሁ ኮሌጅ ምሩቅ አይደሉም? ይሄን ኮርስ አልወሰዱም እንዴ?"

መምህሩ በኃላፊው ፋንታ መለሰ።

"ወስዷል። እዚሁ ክፍል ነው የተማረው። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ፤ ኤ ነው የሰጠሁት። ከሱ የተሻለ አላስተማርኩም፤ እሱም ረሳው።" ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እንግዲህ ኮርሱን ዝጉት።"

ባለመነጽሯ ልጅ ደብተሯን አጥፋ ወዲያና ወዲህ ትመለከታለች፤ እሷ ጠይቃ ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏታል። መምህሩ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ቦርድ ስፒና ነቀለ፤ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው እጁን ሰደደ።